ለፊደል ግድፈት ማን ይጠየቃል?

እ.ኤ.አ. በ1926 ቪየና ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ አንድ ስስ መዝገበ ቃላት ታተመ። ልጆች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ከነትክክለኛ አጻጻፋቸው ተደርድረውበታል። አዘጋጁ ሉድቪግ ቪትገንሽታይን ነው። ፈላስፋው «ትራክታተስ» የተባለውን ዝነኛ ሥራውን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ከ1920 እስከ 1926 በኦስትሪያ ገጠር መንደሮች አስተማሪ ነበር። በሕይወት ሳለ ያሳተማቸው መጻሕፍት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ «ትራክታተስ»፣ ሌላው ይህ የልጆች መዝገበ ቃላት።

ወደዚህ ሥራ የገባው ቸግሮት ነው። በጊዜው የነበሩት ትልልቅ መዝገበ ቃላት ለገበሬ ልጅ ውድ ነበሩ፤ ልጅ በማያውቃቸው ቃላትም የታጨቁ ነበሩ። ስለዚህ ተማሪዎቹ የራሳቸውን የቃላት ደብተር እንዲያዘጋጁ አደረገ። ያየው ለውጥ አስደነቀው። በመጽሐፉ መግቢያ እንዳብራራው፣ ተማሪ የጻፈውን ራሱ ማረም አለበት፤ የጽሑፉ ብቸኛ ባለቤት እርሱ መሆኑ እንዲሰማው፣ ኀላፊነቱንም ብቻውን እንዲሸከም ያስፈልጋል። ይህን ሸክም መጫን የሚቻለው ግን ልጁ ስሕተቱን ፈልጎ የሚያገኝበት አስተማማኝ መንገድ ሲኖረው ነው። ደብተሮቹ ከተዘጋጁ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የነቃውን ነገር ቪትገንሽታይን የአጻጻፍ ኅሊና ብሎ ጠራው።

«ኅሊና» የሚለው ቃል ለፊደል ግድፈት የከበደ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጽሑፍ አራሚ መሣሪያ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ በገባበት በዚህ ዘመን ዋናው ጥያቄ ያለው እዚያው ላይ ነው። ማሽኑ የነካካው ጽሑፍ ለሕዝብ ሲወጣ፣ ለቃሉ የሚጠየቀው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የማይክሮሶፍት ወርድ እትም የተለመዱ ግድፈቶችን ራሱ መተካት ጀመረ። በ1995 የመጣው ደግሞ፣ ጸሐፊው ገና እየጻፈ ሳለ፣ በተጠራጠረው ቃል ሥር የተጥመለመለ ቀይ መስመር ማስመር ያዘ። ሁለቱ አገልግሎቶች አንድ ላይ ስለሚገኙ ለተጠቃሚው አንድ ይመስሉታል። ከኅሊና አንጻር ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ቀይ መስመሩ ምስክር ነው፤ ይህን ቃል እንደማያውቀው ተናግሮ ይቆማል፣ ፍርዱን ለጸሐፊው ይተዋል። በራሱ የሚተካው መሣሪያ ግን ዳኛ ሆኗል፤ ይፈርዳል፣ ፍርዱንም ያስፈጽማል፣ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል።

ዳኛው የሚፈርደው በምን ዕውቀት ነው? ፍሬድሪክ ዳሜራው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት፣ ከግድፈቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአራት ቀላል ስሕተቶች ከአንዱ እንደሚመጡ አሳየ። አንድ ፊደል ይጨመራል፣ አንድ ይጎድላል፣ አንዱ በሌላው ይተካል፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ፊደላት ቦታ ይለዋወጣሉ። አራሚ መሣሪያዎች ለረጅም ጊዜ የቆሙት በዚህ ግኝት ላይ ነው። አንድ ቃል ከዝርዝራቸው ከታጣ፣ በጥቂት ለውጥ የሚደረስበትን የቅርብ ቃል ያቀርባሉ።

ዝርዝሩ ራሱ ጎደሎ ሲሆን ምን እንደሚከተል የታወቀ ምሳሌ አለ። ከቀደሙት የእንግሊዝኛ አራሚዎች አንዳንዶቹ ትብብር የሚል ፍቺ ያለውን «ኮኦፐሬሽን» የሚያውቁት በመሐሉ ሰረዝ ሲገባበት ብቻ ነበር። ያለ ሰረዝ ሲጻፍ በካሊፎርኒያዋ ከተማ በኩፐርቲኖ ስም ይተኩታል። በዚህም ምክንያት የተባበሩት መንግሥታትና የኔቶ ሰነዶች ሳይቀሩ በሀገሮች መካከል ስላለ «ኩፐርቲኖ» የሚናገሩ ዐረፍተ ነገሮችን ይዘው ወጥተዋል። ጸሐፊዎቹ ያሰቡት ትብብርን ነበር። ያላሰቡትን የጻፈላቸው ዳኛ ግን በሰነዱ ላይ ስሙ የለም፣ የሚጠይቀውም አልነበረም።

ከዚህ የሚብሰው ማሽን ጨርሶ የማያየው ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1631 ለንደን ውስጥ ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ ያተሙት መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ ላይ አሉታዋን ቃል ገድፎ ምንዝርን የሚያዝ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል በአጻጻፉ ትክክል ነው፤ የዛሬ አራሚ ቢያየው ቀይ መስመር አያሰምርበትም። አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተቀጡ፣ ፈቃዳቸውንም ተነጠቁ። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ቢሆንም ለጎደለችው ቃል በስሙ ተጠርቶ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበረ።

አማርኛ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። «ስላልነገርኳቸው» የሚለው አንድ ቃል ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ድርጊቱን፣ ተናጋሪውንና የሚነገራቸውን በአንድ ላይ አዝሏል። ከአንድ ግስ እንዲህ ያሉ ሺህ ቅርጾች ስለሚወጡ ቃላትን ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው «ሆርንሞርፎ» የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃላት ወደ ሥርወ ቃላቸውና ወደ ቅጥያዎቻቸው የሚበትነው ይህን ችግር ለማቃለል ነው።

ሌላው ችግር ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ እንዲሁ። በአማርኛ አንደበት ድምፆቹ ተቀላቅለዋል፤ ሆሄያቱ ግን ቀርተዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ በመዝገበ ቃላቶቻቸው የግእዙን ሥር ተከትለው እያንዳንዱን ሆሄ በቦታው ለማቆየት ደክመዋል። በሌላ በኩል ድምፁ ከጠፋ ፊደሉ ምን ይሠራል የሚሉ ምሁራን፣ ለሕፃናት ትምህርትና ለኅትመት እንዲቀል ፊደሉ ይቀነስ ሲሉ ደጋግመው ሐሳብ አቅርበዋል። ሁለቱም ወገኖች የተነሡት ለቋንቋው ከመቆርቆር ነው።

ይህን ያልተቋጨ ክርክር መሣሪያው በዝምታ ሊቋጨው ይችላል። ብዙ የአማርኛ ኮምፒውተር ሥራዎች ጽሑፉን ከመተንተናቸው በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ይለውጣሉ። ለፍለጋ ሲሆን ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰው በየትኛውም ሆሄ ቢጽፍ የፈለገውን ያገኛል። ያው ልማድ ተገልብጦ በጸሐፊው ላይ እንደ እርማት ሲመለስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከድረ ገጽ ጽሑፎች ብቻ የተማረ አራሚ የሚያውቀው ትክክል፣ ብዙ ሰው የጻፈውን ነው። «ሥላሴ»ን በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው፣ በእሳቱ ሰ የጻፉት ስለበዙ ብቻ እንደ ተሳሳተ ሊቆጠር ነው። የሰው ቁጥር ለእውነት ሚዛን ይሆናል ወይ የሚለው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ እዚህ በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ይነሣል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ማየት ይቻላል። በግእዝ «ሰአለ» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነ፣ ማለደ ማለት ነው፤ እመቤታችንን ለምኝልን ብለው የሚማጸኑበት «ሰአሊ» ከዚህ ይወጣል። «ሠዐለ» በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ሲሆን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ጸሎቱን በስልክ ጽፎ ለወዳጆቹ የሚልክ ምእመን በሁለተኛው ሆሄ ከጻፈ፣ ቅድስቲቱን ሥዕል እንድትሥልለት ጠየቀ ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት ትክክለኛ ቃላት በመሆናቸው አራሚው ዝም ይላል። ሆሄያቱን ጨፍልቆ አንድ ካደረጋቸው ደግሞ ልዩነቱን የሚያይበት ዐይን ከመጀመሪያውም አይኖረውም።

ቅዱስ ጽሑፍንና ማሽንን አስታርቆ ማኖር እንደሚቻል የአይሁድ ጸሐፍት ሥራ ያሳያል። የኦሪት ጥቅልል 304,805 ፊደላት አሉት። አንዱ ቢጎድል ወይም ቢበላሽ ጥቅልሉ እስኪታረም ድረስ ለጉባኤ ንባብ ብቁ አይደለም። ዛሬ በእስራኤል ጥቅልሎች በኮምፒውተር ይመረመራሉ፤ የብራናው ምስል ይነሣና ፊደል በፊደል ይመሳከራል፤ የሰው ዐይን ደጋግሞ ያለፈው ግድፈትም ይገኛል። ቢሆንም የፊደሉን ቅርጽ የሚያይ ባለሙያ አሁንም ያስፈልጋል፤ እርማቱ የሚጻፈውም ለቅድስናው ብሎ በሚያስብ ሰው እጅ ነው። ኮምፒውተሩ እዚያ ምስክርነቱ ተቀባይነት አለው፤ ብዕሩን ግን አይጨብጥም።

የኢትዮጵያ የንባብ ቤትም እርማትን የሚያየው እንዲሁ ነው። ከፊደልና ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት የተሸጋገረ ልጅ ከንባብ ስልቶች ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ካነበበ፣ መምህሩ ቃሉን ይዘው ይመልሱታል፤ ልጁም በገዛ አፉ አቅንቶ ካላነበበው አያልፉም። ስሕተቱን የሠራው አፍ ራሱ እርማቱን ይሠራል። በዚህ ሥርዓት የሚታረመው አንባቢው ነው፤ ጥራት ያለው ንባብ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ግን መሣሪያውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ አድጎ ፊደልን ዘግይቶ የቆጠረ ወጣት፣ ለአያቱ በአማርኛ ሲጽፍ ርዳታ ይገባዋል። ጥሩ ሐሳብ ይዞ በአጻጻፉ አፍሮ ዝም የሚልም ብዙ ነው። ያለ ረዳት ለእያንዳንዱ ሆሄ ተጠየቅ ማለት ጭካኔ ነው። ቪትገንሽታይንም ተማሪዎቹን ተጠያቂ ያደረገው መሣሪያውን በእጃቸው ካስያዘ በኋላ ነው።

ስለዚህ የአማርኛ አራሚ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከወዲሁ ሊወስኗቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መሣሪያው ቃል ሲጠራጠር ምክንያቱን ያሳይ፤ «ሰአሊ» እና «ሠዓሊ» ሲገናኙበት ሁለቱን ከነትርጉማቸው አቅርቦ ምርጫውን ለጸሐፊው ይተው። በግእዙ ሥር የጻፈውንም፣ ሆሄ ቀንሶ የጻፈውንም በየመንገዱ ወጥ ሆኖ እንዲጽፍ ይርዳው እንጂ አንዱን በሌላው አይተካ። የሰው ስም፣ የጸሎትና የቅዱሳት መጻሕፍት ጽሑፍ ባለቤቱ ሳያውቅ እንዳይለወጥ ይከልል። ይህን ለማድረግ የፕሮግራም ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት መምህራን ከባለሙያዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ የትኛው ቃል ለምርጫ እንደሚቀርብ፣ የትኛው ደግሞ ጨርሶ እንደማይነካ ቃል በቃል ማየት ይኖርባቸዋል።