በፈቃድ መጾምና ያለ ፈቃድ መራብ

ከጅቡቲ ወደብ ስንዴ የጫኑ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ በአቃቂ ቃሊቲ ያልፋሉ። በዚያው አገር የዱቄት ፋብሪካዎች አሉ፤ በዙሪያው ባለው የመረሬ መሬትም ጤፍና ሽንብራ ይበቅላል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ኩንታል በትከሻው ሲያወርድ የዋለ የቀን ሠራተኛ፣ ማታ ለልጆቹ ዱቄት ሊሸምት ሄዶ ዋጋውን ብቻ ጠይቆ የሚመለስበት ጊዜ አለ። እህል በአጠገቡ ተከምሮ ሳለ ይህ ሰው ስለ ምን ተራበ?

ብዙዎች ረኃብን የዝናም መቅረት ብቻ አድርገው ያስባሉ። የሕንድ ተወላጅ የሆነው ሊቅ አማርትያ ሴን ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የመላ ኢትዮጵያ የእህል ምርት ያን ያህል እንዳልጎደለ፣ የደሴ ገበያ ዋጋም እጅግ እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል እንደ ነበረ ጽፏል። የገበሬው አዝመራ ሲጠፋ መግዣውም አብሮ ጠፍቶ ነበርና። በዓለምም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከልክ ያለፈ ውፍረት ሲያስቸግረው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የተራበው ሕዝብ ከ600 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገምቷል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ነገሩ ጿሚውን ይመለከታል። እኛ በፈቃዳችን እንራባለን፤ ድኻው ግን ያለ ፈቃዱ ይራባል። ጥንት ወደ ግዕዝ የተተረጐመው መጽሐፈ ሄርማ፣ ጿሚ በዚያች ዕለት ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስቦ ለመበለትና ለሙት ልጅ እንዲሰጥ ያስተምራል። የሚሰጠውም ከጎተራው የተረፈውን አይደለም፤ ከገዛ ማዕዱ ያስቀረውን ነው። ዛሬ ግን ያስቀረነውን ቁርስ በማታው ማዕድ ላይ እንደርበዋለን፤ ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አላደርግም።

ያለ ፈቃዱ የሚራብ በገዛ ቤታችንም አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ ቁመታቸው ከዕድሜአቸው በታች የቀነጨረ ሆኖ ተገኝቷል። የምክንያቱ ብዛት የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰባት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጾም ሳይታዘዝበት፣ የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ በጾም ወራት ወተትና እንቁላል የሚከለከልበት ቤት መኖሩን ካህናት አባቶች ያውቃሉ። እናቲቱም በዚህ ነገር ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባቷን ትሰማለች።