ከመዳፍ የማትሰፋ ሥዕል

በ18ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ መኳንንት መልካቸውን ከመዳፍ በማትሰፋ ሥዕል ያሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1739 ስዊድን ተወልዶ ፓሪስ ውስጥ ስሙ የገነነው ፔተር አዶልፍ ሃል ከዚህ ጥበብ ሊቃውንት አንዱ ነው። ሥዕሉ የሚሠራው በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ ነበር፤ የጥርሱ ንጣት ከቀለሙ ሥር ስለሚያበራ ጉንጩ ሕያው ይመስላል። ወዳጅ ዘመድም በአንገቱ ሐብል ያንጠለጥለው ነበር።

ከ1789 ጀምሮ ከእነዚህ መኳንንት ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ በሰኔ 1790 የዘር ማዕረጋቸው በሕግ ተሻረ። የስደተኛውን ሥዕል ስናይ ልባችን ይራራል። ግን መራራት ይገባናልን? ይህ ባላባት ታይ ከሚባለው ግብር በአብዛኛው ነጻ ነበር፤ ሸክሙ የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። የገበሬውን ፊት ግን በዝሆን ጥርስ ላይ የሣለለት አልነበረም።

እኛም የእናቶቻችንን ፎቶግራፍ በኪሳችን ይዘን የምንኖር ስደተኞች ነንና የባላባቱን ናፍቆት አንክድም። ዳሩ ግን ናፍቆት ዕዳን አይሰርዝም። ሥርዓቱን ስንኮንን የሰውየውን ፊት ብንፍቅ፣ ገበሬውን እንደ ሰው ያልቆጠረውን በደል መልሰን እንሠራለን። በፊቱ ውበት ተማርከን ፍርዳችንን ብንተው ደግሞ ገበሬውን ዳግመኛ እንረሳለን። እንግዲህ ሥዕሉን እንጠብቅ፤ ከአጠገቡ የጎደለውንም ፊት እናስብ። ፍርድ የሚቃናው ሁለቱን አብሮ ለሚያይ ነው።