ስለ ጢስና ስለ ሕዝብ ፈቃድ

የሰው ልጅ አስቀድሞ የጠላውን ሕግ ኋላ ሲወደው ቢታይ፥ ሕጉ ከመጀመሪያውም ቅን ነበረ ወይስ ሰውዬው ለመደው ተብሎ ይጠየቃል። ለዚህ ጥያቄ የአየርላንድ አገር ጥሩ ምስክር ነው።

አየርላንድ በ1996 ዓ.ም. መጋቢት 20 ቀን፥ ይኸውም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2004፥ በሥራ ቤት ሁሉ፥ ምግብ ቤትና መሸታ ቤት ሳይቀር፥ ትምባሆ ማጤስን ከለከለች። በአገር ሙሉ እንዲህ ያለ ሕግ በማቆም ከዓለም መንግሥታት ቀዳሚዪቱ ነበረች። በዚያ አገር መሸታ ቤት መጠጥ የሚሸጥበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት፥ ዘፈን የሚዜምበት ቤት ነው። ጢሱም ከቤቱ ጋራ አብሮ የኖረ ስለ ነበረ፥ ሕጉን ያቀረቡት የጤና ሚኒስትር ሚሆል ማርቲን ብርቱ ሙግት ገጠማቸው። ባለ መሸታ ቤቶቹ ገበያችን ይጠፋል አሉ፤ ሌሎችም ሕዝቡ አይታዘዝም አሉ።

ሕጉ ሊጸና ጥቂት ሲቀረው፥ የሚያጤሱትን የአየርላንድ ሰዎች ሊቃውንት ጠይቀዋቸው ነበር። በመሸታ ቤት ፈጽሞ መከልከሉን የደገፉት ከመቶው 13 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ጸንቶ ዓመት ሳይሞላው ዳግመኛ ቢጠይቋቸው ደጋፊዎቹ ከመቶው 46 ሆኑ፤ ለምግብ ቤትም ከ45 ወደ 77 ወጣ። ደግሞ ከመቶው 83 ሕጉ መልካም ነገር ነው ብለው መለሱ። ይህንም የመለሱት ጢስ ጠልተው የኖሩት አይደሉም፤ በዝናምና በብርድ ደጅ ቆመው የሚያጤሱት ናቸው።

እንግዲህ የሕግ ቅንነት ከሕዝብ ፈቃድ ብቻ የሚወለድ ቢሆን፥ ይህ ሕግ በሚያጤሱት ዘንድ ሲታወጅ ግፍ ነበረ፥ በጥቂት ወራትም ጽድቅ ሆነ ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይነገርም። ሰው ለብዙ ነገር ይለመዳል፤ የባሪያ ንግድ እንኳ በብዙ አገር ለብዙ ዘመን የሕዝብ ድጋፍ አላጣም። ስለዚህ መውደዱ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የሕጉን ቅንነት ከሌላ ስፍራ መፈለግ ያስፈልጋል።

እርሱም ከአሳላፊው ዘንድ ይገኛል። የሚያጤሰው ሰው አንድ ሰዓት ተቀምጦ፥ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ አሳላፊው ግን ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት የሰውን ሁሉ ጢስ ሲስብ ያመሻል። የሌላው ሰው ጢስ እንደሚጐዳ ከገለጹት አንዱ ሂራያማ የሚባለው የጃፓን ሐኪም ነበር። ከ90 ሺህ በላይ የሆኑ የማያጤሱ ሚስቶችን 14 ዓመት ተከታትሎ፥ ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጤሱት ከሌሎቹ ይልቅ በሳምባ ካንሰር እንደሚሞቱ በ1981 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ጻፈ። ሴቶቹ ትምባሆ በአፋቸው አልነኩም ነበር። ዛሬም ራሳቸው ሳያጤሱ በሌላው ጢስ የሚሞቱት በዓለም በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ጢሱን ያልወደደ ሠራተኛ ሌላ እንጀራ ይፈልግ የሚሉ አሉ። ይህ ቃል መምረጥ ለሚችል ሰው ይነገር ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ለደረሰበት ድኻ ግን መሳለቅ ነው። የማዕድን ጕድጓድ የሚያስቈፍር ጌታ ምሰሶ ሳያቆም ሰው ቢቀበርበት፥ ሠራተኛው ወዶ ገባ ብሎ አያመልጥም። ታዲያ መሸታ ቤቱ ከጕድጓዱ በምን ይለያል?

የጥንቶቹ ክልከላዎች ግን እንዲህ አልነበሩም። የቱርኩ ሱልጣን አራተኛው ሙራድ በ17ኛው መቶ ዓመት የሚያጤሰውን በሞት ይቀጣ ነበር። በኢትዮጵያም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጤሰውን ከንፈሩን፥ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቈርጡ እንደ ነበረ ይነገራል። እነዚህ ሕጎች የተነሡት በሚያጤሰው ሰው ኀጢአት ላይ ነው፤ ባልንጀራው ተጐዳ አልተጐዳ አልጠየቁም። የአየርላንዱ ሕግ ግን ሰውዬውን አታጢስ አላለውም፤ ከሰው ፊት ወጥተህ አጢስ አለው እንጂ። ልዩነቱ የቅጣቱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ነፍሱን ሊገዛ ይፈልጋል፥ ሁለተኛው የጎረቤቱን ሳምባ ይጠብቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ ወንድሙን የሚያሰናክለው ከሆነ ሥጋ መብላትን ለዘላለም እንደሚተው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎ ነበር። ነገር ግን እርሱ ራሱን ከለከለ እንጂ፥ የከተማውን ሹም ሥጋ ቤት እንዲዘጋ አልለመነም። መቀጫ ፈርቶ ወደ ደጅ የሚወጣ አጫሽ ስለ ወንድሙ ፍቅር አደረገ አይባልም። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም የአሳላፊው ሳምባ የአጫሹ ፍቅር እስኪያድግ ድረስ መያዣ ሆኖ ሊቈይ አይገባውም። ደግሞ ይኸው ሐዋርያ የሚጠላውን እንደሚያደርግ፥ የሚወደውን እንደማያደርግ ለሮሜ ሰዎች ተናዝዟል። በአየርላንድ ደጅ ቆሞ እያጤሰ ሕጉን የሚያመሰግነው ሰው ከዚህ ኑዛዜ ሩቅ አይደለም፤ ብዙዎቹ መተው እየወደዱ ያልተዉ ናቸውና፥ ሕጉ ከሁለቱ ፈቃዳቸው የደከመውን አገዘው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በተዘጋ የሥራና የሕዝብ ቤት ሁሉ ማጤስን ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥም አዘዘ። (ይኸው መንግሥት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ከትምባሆ ድርጅቱ ከመቶ 40 እጅ ያህሉን ለጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ አይረሳም።) በዚያው ወራት በተደረገ ጥናት በአገሩ ትምባሆ የሚጠቀሙት ጐልማሶች ከመቶው 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። እንዲህ በሆነበት አገር ክልከላውን መደገፍ ለብዙው ሰው ምንም አያስከፍለውም፤ የሌላውን ልማድ ማሰር ቀላል ነውና። ከመቶ ጿሚ 95ቱ በሥጋ ሻጭ ላይ ቢፈርዱ ፍርዱ ብዙ አያስደንቅም። የራሱን ምቾት የሰጠ አንድ አጫሽ ድጋፍ ምንም ካልሰጡ ከብዙዎች ድጋፍ ይልቅ ይመዝናል።

የአየርላንድ ሕግ የተዋቸው ስፍራዎችም አሉ፤ ወኅኒ ቤት፥ የሆቴል መኝታ ክፍል፥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልና የሽማግሌዎች መጦሪያ ናቸው። ሰው የሚኖርበትን ቤት እንደ ሥራ ቤት ብቻ መቍጠር አግባብ ስላልሆነ ነው። ይሁን እንጂ የመኝታ ክፍሉን የምታነጥፈው ሴት እዚያው ትሠራለች፤ የወኅኒው ዘበኛም እንዲሁ። ከእነዚህም በላይ የራሱ ቤት አለ። አሳላፊው ማኅበር አቋቁሞ መጮኽ ቻለ፤ ሂራያማ የቈጠራቸው ሴቶች የተጐዱት ግን ከባሎቻቸው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ነበረ። አባቱ በመኝታ ቤት የሚያጤስበት ሕፃንም ድጋፉን የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ዘበኛ ወደዚያ ደጅ ይግባ የሚል ሕዝብም እስካሁን ጥቂት ነው።