ከዋሻው የማይወጣው ጽዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሰሞኑን አንዲት እኅታችን በድምፅ መልእክት ጥያቄ ላከችልኝ። በሰው ቤት የምትሠራ ናት። ሌሊት የማዳሟ ልጆች ከተኙ በኋላ በስልኳ አንድ ፊልም አይታ ነው የደወለችው። «ቀሲስ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የዘላለም ሕይወት ሲባል ደስ አይለኝም። ደክሞኛል። የመጣሁት ለሁለት ዓመት ነበር፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ማለቂያ የሌለው ሕይወት ሲሉኝ ማለቂያ የሌለው ኮንትራት ይመስለኛል» አለች። ለብቻዋ መልሼላታለሁ። ነገሩ ግን የብዙዎቻችሁ ስለመሰለኝ ፈቃዷን ጠይቄ እዚህ አመጣሁት።

ፊልሙ «ኢን ታይም» ይባላል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። «ፊልም ከስብከት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ሲያስተምር የእነርሱኑ ባለ ቅኔዎች ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። እዩት ማለቴ አይደለም፤ የእኅታችን ፍርሃት ከየት እንደመጣ እንድትረዱልኝ ነው።

በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው ሁሉ 25 ዓመት ሲሞላው ማርጀት ያቆማል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ላይ ያለው ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ደመወዝ የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በዕድሜ ነው፤ ቡናውም የቤት ኪራዩም ከዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ቁጥሩ ዜሮ ሲገባ ሰውየው ባለበት ይወድቃል። ሀብታሙ መቶ ዓመት፣ ሺህ ዓመት ያከማቻል፤ ድሀው ነገን ለማየት ዛሬ ይሮጣል። የዋናው ሰው እናት ወደ ልጇ ለመሄድ አውቶቡስ ስትሳፈር ሒሳቡ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ጨምሯል ይሏታል። ክንዷ ላይ የቀራት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በእግሯ ሮጠች፤ ልጇም ሮጠ፤ እቅፉ ውስጥ ስትገባ ሰዓቷ አለቀ።

እኅታችን «እዚህ ላይ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ» ብላኛለች። ማን አያለቅስ? ዕድሜያችሁን በወር በወር እየሸጣችሁ ወደ አገር ቤት የምትልኩ እናንተ ናችሁ። እናታችሁ ሞታ ኢቃማችሁ አልታደሰም፣ ፓስፖርታችሁ በእጃችሁ የለም ተብሎ ከቀብር የቀራችሁ አላችሁ።

ፊልሙ ውስጥ ግን ሌላም ሰው አለ። 105 ዓመት የኖረ፣ ክንዱ ላይ ገና ከመቶ ዓመት በላይ የቀረው፣ መልኩ የ25 ዓመት ወጣት የሆነ ባለጸጋ ነው። ሁሉ ነገር አለው፤ መኖር ግን ሰልችቶታል። ዕድሜውን ለድሀው ወጣት ሰጥቶ ሞቱን ራሱ መረጠ። ይህን ሥራውን አናመሰግንም። (ከእናንተም መካከል ድካሙ እስከዚያ ያደረሰው ካለ፣ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ፤ ለብቻችሁ አትያዙት።) ነገር ግን ፊልም ሠሪዎቹ ሳያውቁት አንድ እውነት ተናግረዋል፤ ይህን ኑሮ ማስረዘም ብቻውን ሰውን አያሳርፍም።

መጽሐፍ ይህን አስቀድሞ ነግሮናል። ማቱሳላ 969 ዓመት ኖሮ ሞተ (ዘፍ. 5፥27)። አዳም ከወደቀ በኋላ እግዚአብሔር ወደ ሕይወት ዛፍ የሚወስደውን መንገድ በኪሩቤልና በነበልባል ሰይፍ አስጠበቀ (ዘፍ. 3፥22-24)። አባቶች ይህ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ምሕረት ነው ይላሉ። ሰው ኃጢአቱንና ድካሙን እንደተሸከመ ለዘላለም እንዳይኖር ነውና። እኅታችንን «ልጄ፣ አንቺ የፈራሽውን ነገር እግዚአብሔር ገና በገነት ዘግቶልሻል» አልኳት።

ታዲያ ጌታ የሚሰጠን የዘላለም ሕይወት ምንድን ነው? እውነተኛውን አምላክና የላከውን ኢየሱስ ክርስቶስን ማወቅ ነው ብሎ ራሱ ነግሮናል (ዮሐ. 17፥3)። ከእናታችሁ ጋር በስልክ አንድ ሰዓት ስታወሩ ሰዓቱ የት እንደገባ አታውቁትም። ያንኑ አንድ ሰዓት የማዳሟን ምንጣፍ ስታጥቡ ግን አልገፋ ይላል። ሰዓቱ ያው ስድሳ ደቂቃ ነው። የሚለየው ከማን ጋር መሆናችሁ ነው።

አንድ ሌላ ፊልም ልጨምር። የ1989ኙን የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። መጨረሻው አካባቢ ጀግናው በቀይ ድንጋይ ተፈልፍሎ ወደተሠራ ሕንፃ ይገባል፤ ያ ቦታ ዮርዳኖስ አገር ያለው ፔትራ ነው፤ እዚያ ያላችሁ ልጆቼ በዓይናችሁ አይታችሁት ይሆናል። በፊልሙ፣ ጌታ በምሴተ ሐሙስ የያዘው ጽዋ እዚያ ውስጥ ተደብቋል፤ አንድ ሽማግሌ ወታደር 700 ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። ክፉው ሰው በዕንቁ ካጌጠው የወርቅ ጽዋ ጠጣና አርጅቶ ትቢያ ሆነ። እውነተኛው ጽዋ ተራ፣ ጌጥ የሌለው ነበር። ይህን ጥሩ አድርገው ነው ያሰቡት። ነገር ግን ጽዋው ከዋሻው ደጃፍ አያልፍም። የጠጣበትም ሰው አይሞትም የሚባለው እዚያው እስከቆየ ድረስ ነው። ሽማግሌው ሰይፉን ለማንሣት እንኳ አቅም አጥቶ፣ አጠገቡ ሰው ሳይኖር፣ ዕቃ ሲጠብቅ ነው 700 ዓመት ያለፈው።

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ገድላቸው እንደሚነግረን 562 ዓመት ኖረዋል። እርሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ለራሳቸው አልጠበቁትም። በዝቋላ ባሕር ውስጥ ሆነው ስለ ሕዝቡ ሲለምኑ ነው የኖሩት።

የእኛ ጽዋ ግን ይወጣል! መጋረጃው ይከፈታል፤ ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ጌታ ሥጋውን የሚበላ፣ ደሙንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት እንዳለው ተናግሯል (ዮሐ. 6፥54)። ዛሬ፣ እዚሁ፣ በስደት አገር። ትንሣኤውን ደግሞ በመጨረሻው ቀን ጨምሮ ይሰጠዋል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ጽዋው ሲወጣ የምናየው ነገር ነው። ሕፃናትና ጥቂት እናቶች ይቀርባሉ፤ ሌላው ቆሞ ያያል። «ለምን?» ስል «አገር ስገባ እቆርባለሁ፣ ቀሲስ» ትሉኛላችሁ። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ወንድሜ ሲመረቅ፣ ይህች ኮንትራት ስታልቅ። ጽዋው ከዋሻው ወጥቶ ሳለ እኛው መልሰን አገር ቤት ቆለፍንበት። አንዳንዶቻችሁን የሚከለክላችሁ እዚህ የደረሰባችሁ ወይም የሠራችሁት ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ንስሐ የተሠራው ለዚያ ነው፤ ሰምቼ የምደነግጥበት ነገር የለም። በሩ ከውጭ የሚቆለፍባችሁን፣ የዕረፍት ቀን የማይሰጣችሁን ግን ይህ ወቀሳ አይመለከታችሁም። እናንተ ባላችሁበት ጸልዩ፤ እኛም በቅዳሴ ስማችሁን እንጠራለን፤ የክርስትና ስማችሁን ላኩልን።

የንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቆዩ፤ እስከ ማታ ድረስ አለን።

እኅታችን ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለችና «እሺ ቀሲስ፣ ንስሐ ገብቼ ለመቁረብ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ። ሳቅሁ። ይህንንም እንደ ኮንትራቷ በቀን ልትቆጥረው ነው። «በዕረፍት ቀንሽ ነይና እንነጋገራለን» አልኳት፤ መጣችም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።