ስም የለሹን አካውንት ማን ይዳኘዋል?

 

በኛ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ሰው ከሰው ሲጋጭ ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል። በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የበደለ ይክሳል፣ ይታረቃሉ። ይህ ሥርዓት ብዙ ደም አድርቋል። ግን የበዳዩን ፊት ይፈልጋል። አንዲት ተማሪ ፎቶዋ ተቀጣጥሎ ቴሌግራም ላይ ቢለቀቅ፣ ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው ቢስቅባት፣ ሽማግሌው ማንን ይጥራ? አካውንቱ ላይ ያለው የአበባ ፎቶ ነው። ትንሽ ከተማ ደግሞ መደበቂያ የላትም። ስክሪንሾቱ ከእሷ ቀድሞ ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ እናቷ ጆሮ ይገባል።

«ምክር ይበቃል፣ ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውስ። ከዘመቻ ሲመለሱ ሙናፊቆች ስሟን አጠፉ። ወሬው አንድ ወር ያህል መዲና ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። እሷ ታማ ተኝታ ነበር፣ ምንም አታውቅም። የሰማች ቀን እንባዋ አልደረቀም፣ እንቅልፍም አልወሰዳትም። ወሬውን ካዛመቱት መካከል ሙእሚኖችም ነበሩ፤ አልፈጠሩትም፣ ተቀብለው አሳለፉት እንጂ። ዛሬ «ሼር» የምንለው ይህንኑ ነው።

አላህ በሱረቱ ኑር ንጽሕናዋን አወረደ። በዚያው ሱራ ጨዋ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ 80 ጅራፍ እንዲገረፍ፣ ምስክርነቱም ተቀባይነት እንዲያጣ ተደነገገ። (መቅጣት የዳኛ ነው፤ የኔና ያንተ አይደለም።) አስተውል፤ የማስረጃው ሸክም የወደቀው በወንጃዩ ላይ ነው።

«የለጠፍኩት እውነት ነው» ትል ይሆናል። እውነት ከሆነ ጊባ ነው፣ ውሸት ከሆነ ቡህታን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሦስተኛ በር አልተዉልህም።

ሀገራችንም ሕግ አላት፤ ብዙ ወጣት አያውቀውም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት በመላክ ማስጨነቅን፣ ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍና ምስል ማሰራጨትን ያስቀጣል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የሚነዛ ጥላቻን ይመለከታል። ለዚያች ተማሪ የሚቀርባት የመጀመሪያው ነው። ችግሩ፣ ስም ማጥፋቱ የሚያስከስሰው እሷ አቤት ስትል ነው። እኛም የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ቤተሰብሽን አታዋርጂ፣ ሰብር አድርጊ» እንላታለን። ለበዳዩስ ማን ምን አለው? የበዳይን እጅ መያዝ እሱንም መርዳት እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

ሕግ ተቺን ማፈኛ ይሆናል የሚል ስጋት አለ። የመብት ተሟጋቾች የ2012ቱን አዋጅ ትርጉሙ ሰፊ ነው ብለው ተችተውታል፤ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ቁርኣንም የተበደለ ሰው በደሉን በግልጽ እንዲናገር ፈቅዷል። ነገር ግን የባለሥልጣንን ሥራ መተቸትና የአንዲትን ልጅ ገላ መዘባበቻ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ጥሩ ሕግ ይህን ለይቶ ይጽፋል።

እህቴ፣ ደርሶብሽ ከሆነ ከመሰረዝሽ በፊት ስክሪንሾት ያዢ፤ ቀኑና የአካውንቱ ስም ይታይ። ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ፖሊስ ዘንድ ሂዱ።

ወንድሜ፣ አንተ አጋርተህ ከሆነ ማጥፋት ብቻ አይበቃህም፤ የሰው ሐቅ ነው። በላክበት ግሩፕ ሁሉ ተሳስቻለሁ ብለህ ጻፍ፤ እሷንም አፉ በይኝ በላት። መግሪብ ገና ነው።