ስለ ክትባት ፈተናና ስለ ሰው ፈቃድ

ለታመመ ሰው መድኃኒት መስጠት ክርክር የማያስነሣ በጎ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ያልታመመውን፣ ይልቁንም ገና አፉን ያልፈታውን ሕፃን፣ ጠባዩ ተመርምሮ ባላለቀ ክትባት መውጋት ይገባልን? የተባለ እንደ ሆነ መልሱ እንዲሁ ቀላል አይሆንም። መርፌው የሚያሳምመው ዛሬ ነው፤ በሽታው ግን ምናልባት በዕድሜው ሁሉ አይደርስበትም፤ ከፈተናው የሚገኘውም ዕውቀት ይበልጡን የሚጠቅመው ፊታቸውን ለማያያቸው ለሌሎች ልጆች ነው። አባትና እናት የልጃቸውን ሕመም ለሌላው ልጅ ጥቅም ሊሰጡ ሥልጣን አላቸውን? ነገሩን በማጅራት ገትር ክትባት ምሳሌነት ብንመለከተው ይገለጥልናል።

ይህ ደዌ ከሴኔጋል እስከ አገራችን እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ደረቅ ምድር በበጋ ወራት እየተነሣ ሕዝብ ሲፈጅ የኖረ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 እና በ1997 ብቻ ከ250,000 የሚበልጥ ሰው ታሞ 25,000 ያህል ሞቷል። ከ2010 ጀምሮ የተሰጠው ክትባት ኤ የተባለውን የበሽታውን ዓይነት ቢያስታግሠውም ሌሎቹ ዓይነቶች አልተገቱም ነበርና፣ ኤ፣ ሲ፣ ዋይ፣ ደብልዩና ኤክስ የተባሉትን አምስቱን በአንድ መርፌ የሚከላከል ድብልቅ ክትባት ተዘጋጀ። ይኸውም አስቀድሞ በማሊ በባማኮ ከ12 እስከ 16 ወር በሆናቸው 376 ሕፃናት፣ ኋላም በ2021 በማሊና በጋምቢያ ከ2 እስከ 29 ዓመት በሆናቸው 1,800 ጤነኞች ተፈተነ። ከእነዚህ 1,200 ያህሉ አዲሱን ሲቀበሉ፣ የቀሩት 600 አራት ዓይነት የሚከላከለውን ቀድሞ የታወቀ ክትባት ተቀበሉ። ከመርፌው በፊትና ከ28 ቀን በኋላ ደማቸው ተቀዳ፤ ደሙ ሲረጋ የሚለየው ጥሩ ውኃም በየደረጃው እየቀጠነ ከሕያው ባክቴሪያ ጋር ተቀላቀለ፤ ምን ያህል ቀጥኖ ሳለ ባክቴሪያውን መግደል እንደሚችል ተቆጠረ። በዚህ መለኪያ አዲሱ ከቀድሞው ያላነሰ ሆኖ ተገኘ። በክትባቱ ምክንያት የመጣ ከባድ ጉዳትም አልታየም። በ2024 ናይጄሪያ ከአገሮች ሁሉ አስቀድማ ለሕዝቧ መስጠት ጀመረች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በእኛ አስተያየት ልጅ የወላጅ ገንዘብ አይደለምና እንደ ገንዘብ ለሌላው ሊሰጥ አይችልም። ሰው የራሱን ክንድ ስለ ባልንጀራው ቢሰጥ ምሕረት ነው፤ የልጁን ክንድ ቢሰጥ ግን ልጁ ራሱ በጥቅሙ ድርሻ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የባማኮ ሕፃን የሚኖረው ደዌው በሚነሣበት ምድር ስለ ሆነ፣ አዲሱም ቢደርሰው የቀድሞውም ቢደርሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ለባለጸጎች አገር የታሰበ መድኃኒት በድኾች ልጆች ቢፈተንና ካለቀ በኋላ ለእነርሱ ባይደርሳቸው ግን፣ ሥራው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ግፍ ነው እንላለን።

ሁለተኛውና የሚከብደው ነገር እውነት መናገር ነው። በ1996 በናይጄሪያ በካኖ ከተማ ወረርሽኙ በጸናበት ጊዜ፣ ክትባት ሳይሆን አዲስ መድኃኒት በ200 ያህል በታመሙ ልጆች ተፈትኖ ነበር። አዲሱን ከወሰዱት 5፣ የታወቀውን ከወሰዱት 6 ሞቱ። ቍጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ምን ክርክር አለበት ሊል ይችላል፤ ሙግቱ ግን ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት የተጓተተው፣ ወላጆች ልጆቻቸው በፈተና ውስጥ መግባታቸውን ዐውቀው ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም በሚለው ነው። በ2003 በዚያው አገር የፖሊዮ ክትባት ሲከለከል ይህ ቂም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። አንድ ጊዜ የታጣ እምነት ያልበደሉትንም ልጆች ዋጋ አስከፈላቸው።

ስለዚህ ፈታኙ ያላወቀውንም መናገር ይገባዋል። በ1,200 ሰዎች ከባድ ጉዳት አልታየም ማለት፣ ከ10,000 አንዱን የሚያገኘው ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው የሚታወቀው ክትባቱ ለብዙ ሕዝብ ከተሰጠ በኋላ በሚደረገው ክትትል ነው። «ፈጽሞ ጉዳት የለውም» የሚል ሐኪምም፣ «ፈተና ነውና ሞት ነው» እያለ ሕዝብን የሚያስደነግጥ ሰውም ሁለቱም ከእውነት ጐድለዋል፤ የኋለኛው አንዳንድ ጊዜ ከእኛ ከካህናት ወገን መሆኑን ሳንሸሽግ።

የእኛም ድርሻ ከዚህ ላይ ይመጣል። በአገራችን ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ የነፍስ አባቱን ሳያማክር አይወስንም። ካህኑ ስለ ሐኪሞቹ ሞገስ ብሎ «ግባ» ቢለው፣ ያ ሰው የሰጠው ፈቃድ የካህኑ እንጂ የራሱ አይሆንም፤ ሳይመረምር «አትግባ» ብሎ ቢገዝተውም እንዲሁ ነው። የሚሻለው ከእርሱ ጋር ተቀምጦ የፈቃዱን ወረቀት ማንበብ፣ ከዚያም ከጀመረ በኋላ ቢተው ቅጣት ወይም ቅያሜ እንዳይኖርበት፣ ልጁም ቢጐዳ የሚያክመው ማን እንደ ሆነ በግልጥ ማስጠየቅ ነው። ፊደል ያልለየ ወላጅ ከሆነም፣ ከፈታኞቹ ወገን ያልሆነ ምስክር አብሮት ቆሞ ነገሩ ሁሉ ተነቦ ሳያልቅ ጣቱን በወረቀቱ ላይ እንዳያሳርፍ ልንነግረው ይገባል።