ዒላማውን የመታው ማነው?

በ1860 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ለንደን አጠገብ ዊምብልደን ላይ የመጀመሪያውን የተኩስ ውድድር ሲከፍት፣ የመክፈቻውን ጥይት እንዲተኩሱ የተጋበዙት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ጠመንጃው የጆሴፍ ዊትዎርዝ ሥራ ነበር። በብረት ማስደገፊያ ላይ ተጠምዶ፣ አስቀድሞ በባለሙያ ተነጣጥሮ፣ ቃታው ላይ የሐር ገመድ ታስሮለት ይጠብቃቸዋል። ንግሥቲቱ ገመዱን ሳብ አደረጉ። ጥይቱም 400 ያርድ፣ ማለትም 366 ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከዒላማው እምብርት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ዐረፈ።

ለመሆኑ ዒላማውን የመታው ማነው? ገመዱን የሳቡት ንግሥት ናቸው? ያነጣጠረው ባለሙያ ነው? ወይስ የኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ የሚለካ መሣሪያ እስከ መሥራት የደረሰው ዊትዎርዝ? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ዛሬም ጠመንጃ ገዝቶ ከሩቅ ዒላማ የመምታት ስፖርት ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ሰው ሁሉ፣ በተለይ ስፖርቱ በተስፋፋባቸው በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በዚህ ጥያቄ በኩል ሳያልፍ አይቀርም። ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ከፋብሪካ በሺህ ከሚቆጠሩ ወንድሞቹ ጋር የወጣውን ጠመንጃ ከሱቅ መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለእርሱ ቁመት፣ ለእርሱ ትከሻ፣ እርሱ ለመረጠው ጥይት ተብሎ በባለ እጅ የሚሠራውን ማዘዝና ወራት መጠበቅ፣ ዋጋውንም እጥፍና ከእጥፍ በላይ አድርጎ መክፈል ነው።

የባለ እጁ ሥራ እንዲሁ የሀብታም ቅንጦት አይደለም። ፋብሪካው ጠመንጃውን ሲሠራ ማን እንደሚገዛው፣ የየትኛውን ድርጅት ጥይት እንደሚያጎርሰው አያውቅም። ስለዚህ የጥይቱን መጉረሻ የማንኛውም ድርጅት ጥይት እንዲገባበት ትንሽ ሰፋ አድርጎ ይተወዋል። ባለ እጁ ግን ደንበኛውን ያውቃል። የጥይቱን ቀልሃ ለክቶ መጉረሻውን በልኩ ይቀርጻል፤ መዝጊያው፣ መጉረሻውና አፈሙዙ በአንድ መስመር ላይ እንዲውሉ በመፈለጊያ መሣሪያ እየፈተሸ ያቃናል፤ የብረቱ አካል ከሰደፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከተኩስ ወደ ተኩስ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙ እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል። የሙያው ቁም ነገር ርግብግቢቱን ማጥፋት ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው።

የፋብሪካው ወገን ደግሞ የራሱ ክብር አለው። በ1785 በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን የኦኖሬ ብላንን መሥሪያ ቤት ጎበኘ። ብላን የብዙ ጠመንጃዎችን የቃታ ክፍል ፈታትቶ፣ ብልቶቹን እየለየ ከምሮ ነበር። ጄፈርሰን ከየክምሩ እጁ የነካውን እያነሳ ሲገጣጥም፣ ሁሉም ያለ ምንም ሞረድ ልክክ አሉለት። ይህን በመደነቅ ወደ አገሩ ጻፈ። እስከዚያ ዘመን ድረስ አንድ ጠመንጃ ሲሰበር ሊጠግነው የሚችለው ባለ እጅ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተራው ወታደር ሜዳ ላይ አንዱን ብልት አውጥቶ ሌላውን መተካት የሚችልበት ዘመን ተጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ ብልቱ ተለዋዋጭ ሲሆን ተጠቃሚው ከአንድ ጌታ ጥገኝነት ነጻ ይወጣል። ድሀውም ሀብታሙም አንድ ዓይነት ዕቃ ይይዛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን በዚያው ልክ ሠራተኛውም እንደ ብልቱ ተለዋዋጭ ይሆናል። አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተካል፤ ስሙም በዕቃው ላይ አይጻፍም። የፋብሪካው እኩልነት የተገዛው በባለ እጁ ስም መጥፋት ነው። የትኛው ይበልጣል? መልሱ እንደየ ሰዉ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ታሪክ የተሻለ ነገር ይነግረናል።

በ1874 ኒው ዮርክ አቅራቢያ በነበረው በክሪድሙር ሜዳ የአየርላንድና የአሜሪካ ቡድኖች ተገናኙ። በየቡድኑ ስድስት ሰው፣ ርቀቱም 800፣ 900 እና 1,000 ያርድ ነበር። አየርላንዶች የያዙት በደብሊኑ በሪግቢ ቤት የተሠራውን፣ ከአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ነው። ሠሪው ጆን ሪግቢ ራሱም ከተኳሾቹ አንዱ ነበር። አሜሪካውያኑ የተሰለፉት ከኋላ በሚጎርሱት በረሚንግተንና በሻርፕስ ፋብሪካዎች ጠመንጃዎች ነው። ብዙ ሰው የባለ እጁ ሥራ ያሸንፋል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ውጤቱ ግን 934 ለ931 ሆኖ አሜሪካውያኑ አሸነፉ።

እንግዲህ ፋብሪካ ባለ እጅን አሸነፈ እንበል? አንቸኩል። በመጀመሪያ ደረጃ ከአሜሪካውያኑ ተኳሾች አንዱ ልዊስ ሄፕበርን ነበር፤ ይህ ሰው በረሚንግተን ፋብሪካ የሚሠራ የጠመንጃ ባለሙያ ሲሆን የውድድሩን ጠመንጃ የነደፈውም እርሱ ነው። ፋብሪካ በምንለው ግድግዳ ውስጥም ስሙ የማይጠራ ባለ እጅ ተቀምጧል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከአየርላንዶቹ አንዱ አንዲት ጥይት እምብርቱ ላይ አሳርፎ ነበር፤ ዳሩ ግን የመታው የራሱን ሳይሆን የሌላውን ዒላማ ነበርና ዜሮ ተሰጠው። ያቺ ጥይት አራት ነጥብ ነበረች። ብትቆጠር ኖሮ አየርላንድ በአንድ ነጥብ ታሸንፍ ነበር። በሌላው ወገን የመጨረሻውን ጥይት የተኮሰው ጆን ቦዲን፣ ጠርሙስ ቆርጦት የሚደማ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ እምብርቱን መታ። እርሱ ቢስት ኖሮም ድሉ የአየርላንድ ነበር።

የሪግቢ ጠመንጃ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የተጠቆመለትን እምብርት መትቷል። የሳተው ዓይን ነው። ሜዳው ላይ የተፈተነው የፋብሪካና የባለ እጅ ልዩነት መስሎ ሳለ፣ ፍርዱን የሰጡት ግን አንድ የተሳሳተ ዓይንና አንድ የቆሰለ እጅ ሆኑ።

ሒሳቡም ይህንኑ ያረጋግጣል። ዛሬ ጥሩ የሚባል የፋብሪካ ጠመንጃ ከጥሩ ጥይት ጋር በ100 ሜትር ላይ ጥይቶቹን ሦስት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ክብ ውስጥ ያሳርፋል። በሺህ ሜትር ይኸው ክብ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የባለ እጁ ጠመንጃ ይህን በግማሽ ቢያጠብበው፣ የገዛነው ልዩነት ከስንዝር አይበልጥም። ንፋሱስ? በተለመደው ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር የውድድር ጥይት ሺህ ሜትር ላይ የሚተኩስ ሰው፣ የጎን ንፋሱን ፍጥነት በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ አሳስቶ ቢገምት ጥይቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ይስታል። ንፋስን የሚያነብ ሣሩን፣ አቧራውን፣ በሙቀት የሚርገበገበውን አየር እያየ ዓመታት የፈጀ ዓይን ነው። ይህን ዓይን የሚሸጥ ፋብሪካም ባለ እጅም የለም።

ታዲያ ሰው ለምን ስንዝሯን ለመግዛት ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣል? እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎች የሚገዙት ትክክለኛነትን ሳይሆን ተስፋን ነው። ጉድለቱ ከእኔ ሳይሆን ከዕቃው ነው፤ ዕቃው ከተለወጠ እኔም እለወጣለሁ የሚል ተስፋ። ይህ ተስፋ የተኳሾች ብቻ አይደለም። የተሻለ ካሜራ ቢኖረኝ፣ የተሻለ ብዕር ቢኖረኝ፣ የተሻለ ቢሮ ቢኖረኝ የማንል ማን ነን? መሥሪያ ቤቶችም ሳይቀሩ ሠራተኛውን ከማሠልጠን ይልቅ ዕቃውን መለወጥ ሲቀላቸው አይተናል።

ግን በቅንነት ለሚገዛው ሰው የባለ እጁ ጠመንጃ ተቃራኒውን ነገር ያደርጋል። ማመካኛውን ይነጥቀዋል። የፋብሪካ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲስት «ቃታው ከበደኝ፣ አፈሙዙ ሞቆ ነው» ሊል ይችላል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ለትከሻው ተለክቶ የተሠራለት ሰው ግን ሲስት የሳተው እርሱ ነው። ስለዚህ የምርጫው ሚዛን የጠመንጃው ማማር ሳይሆን የተኳሹ ስሕተት ይመስለኛል። የራሱ ስሕተት ከጠመንጃው ስሕተት በልጦ እያለ ውዱን የሚገዛ ሰው ራሱን ይሸሻል። ስሕተቱን አጥብቦ አጥብቦ ጠመንጃው የሚያደናቅፈው ደረጃ ሲደርስ የሚገዛው ደግሞ ራሱን ለፍርድ ያቀርባል። በአሜሪካ ከ2012 ጀምሮ በሚካሄድ አንድ የታወቀ የረጅም ርቀት ውድድር፣ ዋጋቸው ከተወሰነ ጣሪያ የማያልፍ የፋብሪካ ጠመንጃዎች ለብቻቸው የሚወዳደሩበት ክፍል መኖሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዎቹ ገንዘብን ከሚዛኑ አውርደው ሰውን ለመመዘን ፈልገዋል።

በእኛ አገር ይህ ምርጫ በዚህ መልኩ ቀርቦ አያውቅም። ለአባቶቻችን ጠመንጃ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የፋብሪካ ዕቃ ነበር፤ ስሙም ከነፈጠራው መጣ። ሰናድር የስናይደር፣ ውጅግራ የግራስ፣ ምንሽር የማንሊኸር ስም በእኛ አንደበት ነው። ክሪድሙር ላይ ያሸነፈው የረሚንግተን ፋብሪካ ጠመንጃም በማግሥቱ ዓመት፣ በ1875 ጉንዴት ላይ፣ ቀጥሎም በ1876 ጉራዕ ላይ በግብፅ ወታደሮች ትከሻ መጥቶ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ቀርቷል። የባዕድ ፈጣሪ ስም በፉከራና በቀረርቶ ሲነሣ፣ ሰደፉን የሚጠግነው፣ የተሰበረውን ብልት ቀጥቅጦ የሚተካው የአገር ልጅ ግን ቡዳ ተብሎ ከማዕድ ይገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በከንቱ አልነበረም። ጠመንጃውን ታጥቀን እጁን ጠላን። ለዚህም ነው ስለ ባለ እጅና ስለ ፋብሪካ የሚነሣው ክርክር ለእኛ የሌላ አገር ወሬ ብቻ የማይሆነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። እስካሁን የተናገርነው ስለ ወረቀት ዒላማ ነው። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ኤም 40 ኤ 1 የተባለውን የአልሞ ተኳሾች ጠመንጃ በኳንቲኮ በራሱ ባለ እጆች አንድ በአንድ ሲያሠራ፣ የምድር ጦሩ ደግሞ በ1988 ኤም 24ን ከረሚንግተን ፋብሪካ ተቀበለ። የሁለቱም መሠረት ያው የረሚንግተን 700 አካል ነው። አንዱ የእጅ፣ አንዱ የፋብሪካ፤ የሁለቱም ዒላማ ግን ሰው ነው። እዚህ ላይ «የመታው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ስለ ክብር መሆኑ ይቀርና ስለ ደም ይሆናል።

ባለ እጁ የሚሠራለትን ሰው ያውቃል። ዓይኑን አይቶታል፤ ትከሻውን ለክቶታል። ፋብሪካው ማንንም አያውቅም። ታዲያ ማወቅ ተጠያቂነትን ያበዛልን? ያበዛል ብዬ አምናለሁ፤ አላውቅም ማለትም በራሱ የሚገዛ ነገር መሆኑን ሳልዘነጋ። የፋብሪካው ትልቁ ምርት ምናልባት ጠመንጃው ሳይሆን ይህ አለማወቅ ነው። ተኳሹ ጋ ስንደርስ ግን የእጅም ሆነ የፋብሪካ ማመካኛ ያልቃል። ሺህ ሜትር ለመሄድ ጥይቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አጋዘን አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ሰው ዘወር ይላል፤ ልጅ ከበር ብቅ ይላል። ጠመንጃው እዚያ ድረስ መድረስ ይችላል ማለት፣ ቃታውን መሳብ ይገባል ማለት አይደለም።

ዊምብልደን ላይ ገመዱን የሳቡት ንግሥት በእርግጥ ተኳሽ አልነበሩም። ሌሎች ያዘጋጁትን ዕድል በአንድ ጣት ተቀበሉ እንጂ። ዒላማው ብረት ስለ ነበር ማንም አልተጎዳም፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ታለፈ። ዛሬ መሣሪያው ሁሉ፣ የእጅም ሆነ የፋብሪካ፣ እየተራቀቀ ሄዶ ከሰው የሚፈለገው ገመድ መሳብ ብቻ ወደ መሆን ሲቃረብ፣ ጥያቄው እንደገና ደጃችን ቆሟል። ጠመንጃ ለሚመርጥ ሰው የምመክረው ነገር ቢኖር፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሲስት ማንን እንደሚወቅስ ራሱን እንዲጠይቅ ነው። መልሱን ካገኘ የፋብሪካውንም ቢይዝ የባለ እጁንም ቢይዝ ያምርበታል።